የአሸዋ ጋሪዎች ታሪክና ለአገራችን መንገድ የሚሰጡት ትምህርት

በቅዱስ ወንጌል ቤቱን በዓለት ላይ ስለ ሠራው ልባም ሰውና ቤቱን በአሸዋ ላይ ስለ ሠራው ሰነፍ ሰው የተነገረውን ምሳሌ ከታናሽነታችን ጀምሮ ስንማረው ኖረናል። አሸዋ ለመሠረት እንደማይሆን የታወቀ ነው። ይሁን እንጂ የሰው ልጅ በአሸዋ ላይ ቤት ባይሠራም በአሸዋ ላይ መሄድ ግድ የሚሆንበት ጊዜ ብዙ ነው። ነጋዴው ሸቀጡን ለማድረስ፥ ወታደሩ ጠላቱን ለመክበብ፥ ሐኪሙ በሽተኛውን ለመርዳት፥ ተመራማሪውም ያልታወቀውን ለማወቅ ሲሉ በአሸዋ ላይ ተጉዘዋል። በዚህ ጽሑፍ የምንናገረው ሰዎች እንዲህ ላለው ጉዞ ስላዘጋጁአቸው ቀላል መኪናዎች ታሪክ፥ ስለ ዓይነታቸውና ስለ አዘገጃጀታቸው ነው። በጽሑፉ ውስጥ የሚገኙት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ተጽፈዋል።

እነዚህ መኪናዎች በእንግሊዝኛ «ዱን ባጊ» ይባላሉ። «ዱን» ማለት ነፋስ ያከማቸው የአሸዋ ኮረብታ ነው፤ «ባጊ» ደግሞ ቀድሞ በፈረስ ይሳብ የነበረ ቀላል ሠረገላ ነው። ስለዚህ በቋንቋችን «የአሸዋ ጋሪ» ብንላቸው ከእውነቱ አንርቅም።

ምናልባት ከአንባቢዎቻችን አንዳንዶቹ፥ «በሆሞሻ የአሸዋ ኮረብታ የለም፤ ታዲያ ይህ ነገር እኛን ምን ያገባናል?» ብለው ይጠይቁ ይሆናል። ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሳችንም እንዲህ ነው፤ የእነዚህ መኪናዎች ታሪክ የጉልበተኛ ሞተር ታሪክ አይደለም። መሬቱን አስቀድመው ያጠኑና መኪናውን ለመሬቱ እንዲስማማ አድርገው ያበጁ ሰዎች ታሪክ ነው። መንገዱ በበጋ አቧራና የወንዝ አሸዋ፥ በክረምት ጭቃ ለሚሆንበት አገር ይህን ታሪክ ማወቅ ትልቅ ጥቅም አለው።

መኪና በአሸዋ ላይ ስለ ምን ይሰምጣል?

ታሪኩን ከመጀመራችን በፊት የነገሩን ምክንያት መረዳት ያስፈልጋል። አህያና ግመል በአንድ የአሸዋ ሜዳ ላይ ቢሄዱ፥ ግመሉ በክብደቱ ከአህያው እጅግ የሚበልጥ ሆኖ ሳለ ይበልጥ የሚሰምጠው የአህያው እግር ነው። ምክንያቱም የአህያ ኮቴ ጠንካራና ጠባብ ስለ ሆነ ክብደቱ ሁሉ በጥቂት ቦታ ላይ ያርፋል። የግመል እግር ግን ለስላሳና ሰፊ ስለ ሆነ ሲረገጥ ይዘረጋል፤ ክብደቱንም ለብዙ ቦታ ያካፍላል። የመኪና ጎማም እንደዚሁ ነው። በአየር ጠንክሮ የተነፋ ጎማ እንደ አህያ ኮቴ ይሆናል፤ አየሩ የተቀነሰለት ጎማ ግን እንደ ግመል እግር ይረዝማል፥ ይሰፋልም።

ሁለተኛው ምክንያት የሞተሩ ጉልበት ነው። ነጂው መኪናው እንዳይቆምበት ፈርቶ ነዳጅ አብዝቶ ቢሰጥ ጎማው በቦታው ላይ ይሽከረከርና ከሥሩ ያለውን አሸዋ ወደ ኋላ እየዛቀ የራሱን ጉድጓድ ይቆፍራል። ሞተሩ በበረታ ቁጥር ጉድጓዱ ቶሎ ይጠልቃል። «ከጉልበት ብልሃት» የተባለው በዚህ ላይ በትክክል ይሠራል።

ሦስተኛው ምክንያት የክብደቱ አቀማመጥ ነው። በክልላችን የጉሙዝ እናቶች በትከሻቸው ላይ እንጨት አጋድመው ሸክማቸውን በሁለቱ ጫፎች አመዛዝነው ሲሄዱ ያየ ሰው፥ የሸክም ነገር የብዛት ብቻ ሳይሆን የአቀማመጥም ጉዳይ እንደ ሆነ ያስተውላል። በመኪናም ዘንድ ክብደቱ ሞተሩ በሚያዞራቸው ጎማዎች ላይ ሲያርፍ እነዚያ ጎማዎች መሬቱን ጨብጠው ይገፋሉ። ክብደቱ የማይገፉት የፊት ጎማዎች ላይ ሲሆን ግን እነርሱ እየሰመጡ ያርሳሉ፤ የሚገፉት የኋላ ጎማዎች ደግሞ ቀልለው በከንቱ ይሽከረከራሉ። እነዚህ ሦስት ነገሮች፥ ማለት የጎማው ልስላሴ፥ የመኪናው ቅለትና የክብደቱ አቀማመጥ፥ ከዚህ በታች ለምንናገረው ሁሉ መሠረት ናቸው።

ከመንገድ በፊት የመጡ መኪናዎች

ወደ አገራችን መኪና የገባው የመኪና መንገድ ሳይሠራ ነው። በዳግማዊ አፄ ምኒልክ ዘመነ መንግሥት፥ በ1907 ገደማ እንግሊዛዊው ቤድ ቤንትሊ ከባሕር ጠረፍ ተነሥቶ በረሓውንና ዳገቱን አቋርጦ መኪና ወደ አዲስ አበባ አመጣ። በዚያው ሰሞን ጀርመናዊው አርኖልድ ሆልትስ ሌላ መኪና አስገባ። እነዚያ መኪናዎች ለአውሮፓ ጠንካራ ጎዳና የተሠሩ ስለ ነበሩ ጉዞው ትልቅ መከራ ነበረበት። በዚያን ጊዜ በብዙ ስፍራ የነበረው አሳብ፥ መኪና ካለ መንገድ ይበጅለት የሚል ነበር። መኪናውን ራሱን መንገድ ለሌለበት መሬት ማበጀት የሚለው አሳብ ግን ጥቂት ቆይቶ በግብፅና በጎረቤታችን በሱዳን በረሓ በተግባር ታየ።

ባግኖልድ አሸዋን ያጠናል

በ1926 ራልፍ ባግኖልድ የሚባል የእንግሊዝ መኰንን ወደ ግብፅ ተላከ። ባልንጀሮቹ የዕረፍት ጊዜያቸውን በካይሮ በመዝናናት ሲያሳልፉ፥ እርሱና ጥቂት ወዳጆቹ በገዛ ገንዘባቸው ተራ የፎርድ መኪናዎች እየገዙ ወደ ምዕራቡ በረሓ ይወጡ ጀመር። በዚያ በረሓ መኪና ቀርቶ ግመል እንኳ በአስቸጋሪ የሚያልፈው ታላቅ የአሸዋ ባሕር አለ። ባግኖልድ በ1929 በዳርቻው ላይ ሞከረ፤ በ1930 አቋረጠው፤ በ1932 ደግሞ ከዚያ የረዘመ ጉዞ አደረገ።

ይህ ሰው የተለየ መኪና አልሠራም። ያደረገው ነገር ከመኪናው ላይ የማያስፈልገውን ማስወገድ ነበር። ኮፈኑን፥ ፓራፋንጎውንና የፊት መስታወቱን አወጣ፤ መኪናው ቀለለ። የጎማውን አየር ቀነሰ። የራዲያተሩ ውኃ ፈልቶ በእንፋሎት እንዳያልቅ ቱቦ ቀጥሎ፥ እንፋሎቱ በመኪናው ጐን ባሰረው የውኃ ቆርቆሮ ውስጥ ገብቶ ተመልሶ ውኃ እንዲሆን አደረገ። በበረሓ ውኃ ማለት ሕይወት ስለ ሆነ ይህ ታናሽ ዘዴ ብዙ ሰው ጠቅሟል። መኪናው ሲሰምጥም ከጎማው ፊት የሚነጠፍ የብረት ላሜራ ይዞ ይሄድ ነበር። ብረት ባለበት መኪና ውስጥ መግነጢሳዊ ኮምፓስ ስለሚሳሳት አቅጣጫውን በፀሐይ ጥላ የሚያሳይ ኮምፓስ ሠራ።

ከሁሉ የሚያስደንቀው ግን ከዚህ በኋላ ያደረገው ነው። በ1935 ከወታደርነት ሥራ ሲሰናበት ወደ ለንደን ሄዶ፥ ነፋስ አሸዋን እንዴት እንደሚያነሣና እንዴት እንደሚከምር በነፋስ ማስተላለፊያ ሣጥን ውስጥ ይመረምር ጀመር። የምርምሩንም ውጤት በ1941 በመጽሐፍ አወጣ። በዚህ ጥናት ከነፋሱ በኩል ያለው የኮረብታ ጐን ለምን ጠንካራ፥ በስተጀርባ ያለው ጐን ለምን ልል እንደሚሆን በግልጥ ታወቀ። የአሸዋ ነጂ ይህን ካላወቀ ኮረብታውን በጥሩ ሁኔታ ይወጣና በጀርባው ባለው ገደል ይወድቃል። የባግኖልድ ትምህርት ከዚህ ዓለም አልፎ ሄዷል፤ በማርስ ላይ የሚገኙ የአሸዋ ኮረብታዎች በስሙ ተሰይመዋል፤ በ2015 መጨረሻም «ኪዩሪዮሲቲ» የምትባለው ባለመንኮራኩር መሣሪያ ደርሳ መርምራቸዋለች።

በ1940 የኢጣልያ ጦርነት በአፍሪካ ሲጀመር ባግኖልድ ያንኑ ዕውቀት ለጦር ሥራ አዋለው። «ረጅም ርቀት የበረሓ ቡድን» የተባለውን ክፍል አቋቋመ። መጀመሪያ ያሰለፋቸው ወታደሮች ብዙዎቹ ከኒው ዚላንድ የመጡ ነበሩ፤ መኪናዎቻቸውም ላያቸው የተገፈፈ ቀላል የሸቭሮሌ ካሚዮኖች ነበሩ። በጥር ወር 1941 በሊቢያ ውስጥ ሙርዙቅ የተባለውን የኢጣልያ ምሽግ ጠላት ባልጠበቀው በረሓ በኩል መጥተው አጠቁ።

በዚያው ወር በእኛ አገር የሆነው

በዚያው በጥር ወር 1941 ግርማዊ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከስደት ተመልሰው በሱዳን ድንበር ኦም ኢድላ በተባለው ስፍራ ወደ አገራቸው ገቡ። ከእርሳቸውም ጋር ኮሎኔል ዊንጌት የሚመራው ጦር ወደ በላያ ተራራና ወደ ጎጃም ተጓዘ። በላያ ዛሬ በክልላችን በመተከል ይገኛል። ለዚህ ጦር ስንቅና ጥይት የሚያጓጉዙ በብዙ ሺህ የሚቆጠሩ ግመሎች ከሱዳን ተሰብስበው ነበር። ግመል የበረሓ መርከብ መባሉ እውነት ነው፤ ነገር ግን እነዚያ ግመሎች የሚረግጡት አሸዋ ሳይሆን ድንጋይና ዳገት ሆነባቸው፤ የለመዱትን መኖ አጡ፤ ብርዱም በረታባቸው። ከእነርሱ አብዛኞቹ በመንገድ ላይ አለቁ። ከሁለት ወር በኋላም፥ መጋቢት 11 ቀን 1941፥ ከቤልጅግ ኮንጎ የመጣ ጦር አሶሳን ከኢጣልያኖች አስለቀቀ።

እነዚህን ሁለት ዘመቻዎች ጐን ለጐን አድርጎ የሚያይ ሰው አንድ ነገር ይማራል። በሊቢያ ተራ ካሚዮን መሬቱን ባወቀ ሰው እጅ ተዘጋጅቶ የማይታለፈውን አለፈ። በእኛ ዘንድ ግን በአሸዋ ላይ ተወዳዳሪ የሌለው እንስሳ ለእርሱ ባልሆነ መሬት ላይ ገብቶ አለቀ። ስለዚህ መጓጓዣ በራሱ ጥሩ ወይም መጥፎ ነው ለማለት አይቻልም፤ ለዚህ መሬት ይስማማል ወይስ አይስማማም ብሎ መጠየቅ ይገባል።

ከቮልስ እስከ አሸዋ ጋሪ

በአዲስ አበባ «ቮልስ» እየተባለች የምትጠራውን ክብ መኪና የማያውቅ ያለ አይመስለንም። ይህችን መኪና ያወጣት ፈርዲናንድ ፖርሸ ነው። አሠራርዋም ከሌሎቹ የተለየ ነበር። ሞተርዋ ከኋላ፥ ከኋላ ጎማዎች በስተጀርባ ተቀምጧል፤ የሚቀዘቅዘውም በአየር ስለ ሆነ ራዲያተርና ውኃ አያስፈልገውም። በጦርነቱ ጊዜ ጀርመኖች ከዚህችው መኪና «ኩቤልቫገን» የተባለውን የወታደር መኪና አወጡ፤ ከ1940 እስከ 1945 ድረስም 50 ሺህ ያህል ሠሩ። ይህ መኪና አራቱንም ጎማ የሚያዞር ማርሽ አልነበረውም። ክብደቱ 700 ኪሎ ግራም ያህል ብቻ ስለ ነበረ፥ የሞተሩም ክብደት በሚገፉት ጎማዎች ላይ ስላረፈ፥ በሰሜን አፍሪካ ሰፋፊ ጎማ ተገጥሞለት በአሸዋ ላይ በደንብ ሄደ።

ከጦርነቱ በኋላ ቮልስ በዓለም ሁሉ ተሰራጨች። ከብዛትዋ የተነሣም በየአገሩ አሮጌዋ በርካሽ ይገኝ ጀመር። ለእኛ ታሪክ ዋናው ነገር ደግሞ የቮልስ አካል በብሎን ብቻ ከታች ካለው ጠፍጣፋ ሻንሲ ጋር መያያዙ ነው። ብሎኑ ሲፈታ ላይዋ ይነሣል፤ ሻንሲው፥ ሞተሩ፥ ማርሹና መሪው እንደ ተያያዙ ይቀራሉ።

በአሜሪካ በካሊፎርኒያ የሚኖር ብሩስ ሜየርስ የተባለ ጀልባ ሠሪ ይህን አስተዋለ። የጀልባ አካል ከፋይበር ግላስ፥ ማለት ከመስተዋት ክርና ከሙጫ፥ እንደሚሠራ ያውቅ ነበርና፥ በ1964 የቮልስን ሞተርና ጎማዎች በፋይበር ግላስ አካል ላይ ገጥሞ ቀይ ቀለም የተቀባች ታናሽ መኪና አወጣ። ስምዋንም «ሜየርስ ማንክስ» አላት፤ ማንክስ ጅራት የሌለው የድመት ዘር ነው፤ መኪናዋም ኋላዋ አጭር ነበር። መጀመሪያ የተሠሩት ጥቂቶቹ ሻንሲ አልነበራቸውም፤ ነገር ግን ዋጋቸው ስለ በዛ፥ በኋላ የቮልስን ሻንሲ 36 ሴንቲ ሜትር ያህል ቈርጦ በማሳጠርና በመበየድ ላዩን ብቻ መሸጥ ጀመረ። ማንኛውም ሰው አሮጌ ቮልስ ካለው በጓሮው ውስጥ ሊገጥመው ቻለ።

በሚያዝያ 1967 ሜየርስና ባልደረባው ቴድ ማንገልስ በሜክሲኮ የባሐ ካሊፎርኒያን ረጅም በረሓ በ34 ሰዓት ከ45 ደቂቃ አቋረጡ። ከዚያ በፊት በ1962 በሞተር ብስክሌት የተገኘው ጊዜ 40 ሰዓት ሊሞላ ጥቂት የቀረው ነበር። በዚያው ዓመት በተደረገው ታላቅ ውድድር ላይም ቪክ ዊልሰንና ቴድ ማንገልስ የነዷት ማንክስ አንደኛ ወጣች። ከዚህ በኋላ የአሸዋ ጋሪ ስም በዓለም ላይ ተሰማ።

የሠሪው ዕድል ግን እንደ መኪናዋ አልቀናም። ብዙ ሰዎች አሠራሩን ቀድተው በርካሽ መሸጥ ጀመሩ፤ ሜየርስ ስለ ፈጠራ መብቱ ቢከስም ፍርድ ቤቱ አልፈረደለትም፤ በ1971ም ድርጅቱ ተዘጋ። ሜየርስ በ2021 በ94 ዓመቱ አረፈ። የመጀመሪያይቱ ቀይ መኪና ግን በ2014 በአሜሪካ ታሪካዊ ተሽከርካሪዎች መዝገብ ገብታለች።

የአሸዋ ጋሪ ዓይነቶች

የአሸዋ ጋሪዎችን በአራት ክፍል ከፍሎ ማየት ይቻላል።

1ኛ፤ ማንክስን የመሰለው ነው። የቮልስ ሻንሲ ያጥርና የፋይበር ግላስ አካል ይለብሳል። ቀላል ነው፤ አጭር ስለ ሆነም በኮረብታ ጫፍ ላይ ሆዱ አይቀመጥም። በከተማም ሊነዳ ይችላል።

2ኛ፤ በጠረፉ ስም «ባሐ በግ» የሚባለው ነው። «በግ» በእንግሊዝኛ ጥንዚዛን ለመሰለችው ለቮልስ የተሰጠ ቅጽል ስም ነው። በዚህኛው ዓይነት የቮልስ አካል አይነሣም፤ የፊቱና የኋላው ፓራፋንጎ ተቈርጦ ያጥራል፤ ከፍ ተደርጎ ትልልቅ ጎማ ይገጠምለታል። ከሁሉ ርካሹ ይህ ነው፤ ለድንጋያማ በረሓም ይሻላል።

3ኛ፤ «ሳንድ ሬል» የሚባለው ነው። አካል የለውም፤ የብረት ቱቦዎች ተበይደው እንደ ጎጆ ማገር ይሆናሉ፤ ሞተሩ ከኋላ ይንጠለጠላል። ለአሸዋ ብቻ የተሠራ ስለ ሆነ ለሌላ መንገድ አይመችም።

4ኛ፤ ከ2000 ዓመት ወዲህ በፋብሪካ የሚወጣው፥ ሁለት ሰው ጐን ለጐን የሚቀመጥበት ታናሽ መኪና ነው። አራቱንም ጎማ ያዞራል፤ ማርሹ በቀበቶ የሚሠራ ስለ ሆነ ነጂው ፍሪሲዮን አይረግጥም። ገበሬዎችና የደን ጠባቂዎችም ለሥራ ይጠቀሙበታል።

ስለ አዘገጃጀታቸው

የኋላ ጎማዎች በአሸዋ ላይ የሚገፉ ስለ ሆኑ ሰፋፊ ይሆናሉ፤ ለአሸዋ ብቻ በተዘጋጁት ላይ እንደ ጀልባ መቅዘፊያ ያሉ ከፍ ያሉ ክንፎች አሉ። የፊት ጎማዎች ጠባብና ለስላሳ ሆነው መሐላቸው ላይ አንድ መስመር ብቻ አላቸው፤ ይህም መስመር እንደ ቢላዋ አሸዋውን እየቈረጠ ለመሪው ይታዘዛል።

በጠንካራ መንገድ ላይ 30 ፓውንድ ያህል ተነፍቶ የሚሄድ የመኪና ጎማ በአሸዋ ላይ ወደ 15 ፓውንድ ይቀነሳል፤ እጅግ ቀላል የሆኑት ጋሪዎች ከዚያም ባነሰ ይሄዳሉ። ወደ ጠንካራ መንገድ ሲመለሱ ግን ጎማው ዳግመኛ መነፋት አለበት፤ አለዚያ ጐኑ እየተጣጠፈ ግሎ ይፈነዳል።

ክብደቱ ወደ ኋላ ስለሚያደላ የፊት ጎማዎች መሬቱን በደንብ ላይጨብጡ ይችላሉ። ስለዚህ በብዙዎቹ ላይ ከኋላ ጎማዎች አንደኛውን ብቻ የሚይዝ የእጅ ፍሬን ይገጠማል። ነጂው የግራውን ሲይዝ መኪናው ወደ ግራ ይታጠፋል። ደግሞም አንዱ ጎማ በከንቱ ሲሽከረከር ፍሬኑ ቢይዘው ኃይሉ ወደ ሌላው ይተላለፋል።

አቧራ የሞተር ጠላት ስለ ሆነ የአየር ፊልትሮው ከፍ ብሎ ይቀመጣል፤ በየጊዜውም ይጸዳል። መኪናው ቢገለበጥ ሰው እንዳይጨፈለቅ ከራስ በላይ የብረት ቅስት ይበየዳል፤ ቀበቶም ይታሰራል። ከኮረብታ ማዶ የሚመጣ ሌላ ነጂ እንዲያይም በረጅም ዘንግ ላይ ባንዲራ ይውለበለባል። ጥንቃቄ የሌለበት ፍጥነት ብዙ ሕይወት አጥፍቷልና ይህ ክፍል እንደ ጌጥ ሊቈጠር አይገባውም።

የእኛ መሬትና የእኛ ባለ ሦስት እግር

እንግዲህ ወደ አገራችን እንመለስ። አሶሳ ከአዲስ አበባ ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ትርቃለች። ሆሞሻ ደግሞ ከአሶሳ በስተሰሜን ናት። መሬታችን በዓመት ሁለት ጊዜ ጠባዩን ይለውጣል። በበጋ ፒስታው አቧራ ይሆናል፤ የደረቁ ወንዞች ወለል አሸዋ ነው። ዝናቡ ከገባ በኋላ ግን ለብዙ ወራት ያው ፒስታ ይላቁጣል። ማንጎአችን ደርሶ ገና ሳያልቅ ዝናቡ ይጀምራል፤ መኪና ያልደረሰበት ማንጎ ከዛፉ ሥር ይበሰብሳል። ከዚህም የሚበልጥ ነገር አለ። ምጥ የያዛት እናት ከዋናው መንገድ ርቃ በምትኖርበት ጊዜ፥ መኪና የሚደርስበት ስፍራ ድረስ በቃሬዛ ትወሰዳለች። የመንገድና የመኪና ስምምነት ለእርስዋ የሕይወት ጉዳይ ነው።

በከተሞቻችን ሕዝቡን የሚያመላልሰው ባለ ሦስት እግር ባጃጅ ነው። ባጃጅ ከአሸዋ ጋሪ ጋር የቅርብ ዝምድና እንዳለው ስንቶቻችን አስተውለናል? በኢጣልያ የፒያጆ ፋብሪካ በ1946 ቬስፓን፥ በ1948 ደግሞ «አፔ»፥ ማለት «ንብ»፥ የተባለችውን ባለ ሦስት እግር አወጣ። መሐንዲሱ ኮራዲኖ ዳስካኒዮ ቀድሞ የሄሊኮፕተር ሠሪ ነበር። በ1960 ገደማም የሕንዱ ባጃጅ ድርጅት ከፒያጆ ፈቃድ አግኝቶ በአገሩ መሥራት ጀመረ። ባጃጅም እንደ ቮልስ ሞተሩ ከኋላ ነው፤ የሚገፉትም የኋላ ጎማዎች ናቸው፤ ራሱም ቀላል ነው። ይህ ሁሉ መልካም ነው።

ነገር ግን ባጃጅ የተሠራው ለከተማ ጎዳና ስለ ሆነ በፒስታ ላይ ሦስት ጉድለቶች ይታዩበታል። ጎማዎቹ ታናናሾችና ጠባቦች ስለ ሆኑ ጉድጓድ ይይዛቸዋል። የፊቱ ጎማ ደግሞ በመሐል ስለሚሄድ፥ ባለ አራት እግር መኪናዎች ባወጡት በሁለቱ ዱካ ውስጥ መግባት አይችልም፤ ባልተረገጠው መሐል ላይ አዲስ ዱካ ማውጣት ግድ ይሆንበታል። በሦስት እግር መቆሙም በጠመዝማዛ ላይ ለመገልበጥ ያጋልጠዋል። ከመጠን በላይ ሰውና ዕቃ ሲጫንበት እነዚህ ጉድለቶች ሁሉ ይብሳሉ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር መለየት ይገባል። የአሸዋ ሕግና የጭቃ ሕግ አንድ አይደሉም። በአሸዋ ላይ ሰፊና ለስላሳ ጎማ ይጠቅማል። ከላይ ለስልሶ ከሥሩ ጠንካራ መሬት ባለው ጭቃ ላይ ግን ጥርሱ የጠለቀ ጠባብ ጎማ ጭቃውን ቈርጦ ጠንካራውን ሊያገኝ ይችላል። ስለዚህ የካሊፎርኒያን የአሸዋ ጋሪ እንዳለ ቀድተን ብናመጣ በክረምታችን ያሳፍረናል፤ ልክ በበላያ መንገድ እንዳለቁት ግመሎች። መቅዳት የሚገባን የሰዎቹን አስተሳሰብ ነው።

ምን እናድርግ?

መጀመሪያ፥ ባግኖልድ አሸዋን እንዳጠና እኛም መሬታችንን እናጥና። የትኛው መንገድ በየትኛው ወር ይዘጋል? አፈሩስ ምን ዓይነት ነው? ከሥሩ ጠንካራ ነገር ያለው በምን ያህል ጥልቀት ነው? ይህን ለማወቅ ዶማ፥ መለኪያ ገመድና ደብተር ይበቃል። ይህም ተማሪዎች በሳይንስ ትምህርታቸው ሊያደርጉት የሚችሉት ሥራ ነው።

ሁለተኛ፥ መንገድን የሚያጠፋው የመኪና ክብደት ብቻ ሳይሆን በላዩ ላይ የሚተኛ ውኃ ስለ ሆነ፥ በየመንገዱ ጐን ቦይ መቈፈርና የተደፈነውን መክፈት ከማንኛውም መኪና ግዢ የሚቀድም ሥራ ነው።

ሦስተኛ፥ ነጂዎቻችን የጎማ አየር መለኪያና መንፊያ ይያዙ፤ በወንዝ አሸዋ ላይ ሲደርሱ አየር መቀነስን፥ ሲሻገሩም መልሶ መንፋትን ይልመዱ። ለጥቂት ደቂቃ መታገሥ ቀኑን ሙሉ ተቀርቅሮ ከመዋል ይሻላል፤ «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» ይባላልና።

አራተኛ፥ ከእኛ መካከል ብየዳና ሜካኒክነት የሚማሩ ወንድሞችና እኅቶች ሙያቸውን አይናቁ። ማንክስን ያወጣ ሰው ጀልባ ሠሪ እንጂ የመኪና ፋብሪካ ባለቤት አልነበረም። በ2024 መንግሥታችን በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች ወደ አገር እንዳይገቡ ስለ ከለከለ፥ የሚመጣው ዘመን የኤሌክትሪክ መኪና ዘመን መሆኑ ግልጥ ነው። ባትሪ ከባድ ነገር ነው። ይህ ክብደት ከፊት ይቀመጥ? ከኋላ? ወይስ በመሐል ዝቅ ይበል? ለሆሞሻ ጭቃና ለሆሞሻ አሸዋ የትኛው ይስማማል? ይህ ጥያቄ ፖርሸና ሜየርስ የመለሱት ዓይነት ጥያቄ ነው፤ ለእኛ መሬት ግን እስካሁን መልስ አልተሰጠበትም። መሬቱን በየቀኑ የሚረግጠው ሰው ቢመልሰው ይሻላል።

ትምህርት ቤታችን ይህን የመታሰቢያ በዓሉን ሲያከብር፥ እኛም የመጨረሻውን ዓመት ትምህርታችንን ፈጽመን ልንወጣ ነን። መምህራኖቻችን ከመጽሐፍ ብቻ ሳይሆን ከዓይናችን ፊት ካለው ነገርም እንድንማር ዘወትር መክረውናል። ወላጆቻችንም ከትከሻቸው ላይ ሸክም ሳይወርድ እኛን አስተምረዋል። ያንን ሸክም የምታቀልል፥ በሐምሌ ጭቃ የማትቀረቀር፥ እናትን ከነሕፃንዋ በደኅና አድርሳ የምትመልስ ጋሪ ከዚህ ትምህርት ቤት ልጆች እጅ እንድትወጣ እንመኛለን።